የአቶ ቀጀላ ሰቦቃ የግራ እግር ገምባሌ

ከዚህ በታች የሚነበበው ነገር የተፈጸመው በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት፣ በመስቀል ዕለት፣ ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ከቆማችሁት ሽማግሌዎች ብዙዎቻችሁ በእንጦጦ ሜዳ እየሳቃችሁ ባያችሁት ጊዜ ነው።

አጎቴ አቶ ቀጀላ ከአባታቸው ከአቶ ሰቦቃ ዱቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ኢዶሳ በየካ ተወለዱ። በልጅነታቸው በየካ ሚካኤል ዳዊት ደገሙ፤ ጎልያድ በእግሮቹ ላይ የናስ ገምባሌ ማጥለቁን ከመምህራቸው የሰሙትም በዚያ ነበርና ነገሩ ከልባቸው አልወጣም።

ጎልምሰው በእንጦጦ ሰፈር ከጋሻ ጃግሬዎች ሲቆጠሩ፣ ጋሻ ራስንና ደረትን እንጂ ቅልጥምን እንደማይሸፍን፣ ባላጋራም ራስ የሚመታ መስሎ ጋሻ ካስነሣ በኋላ ዝቅ ብሎ የቀደመውን ግራ እግር እንደሚቆርጥ በጓዶቻቸው ሬሳ ላይ ስላዩ፣ የበሬ ቆዳ ደራርበው ለግራ እግራቸው ገምባሌ ሠሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤትም በቀይ ጠፍር ሰፉላቸው። ለዚህ ብልሃታቸው ያተረፉት «ፋቂ» የሚል ስድብ ብቻ ነበር፤ ቆዳ የነካ እጅ በእናንተ ዘንድ የተናቀ ነውና።

በዚያ የመስቀል ዕለት በላይነህ ከተባለው ባልደረባቸው ጋር፣ ልጆቹ እዚህ ቆመዋልና ይስሙ፣ ለጃግሬዎቹ አለቅነት ባልተሳለ ጎራዴ ሊጋጠሙ ቀረቡ። በላይነህም «አንተ ፋቂ! ወንድ ከሆንክ አውልቀው፤ ወይስ ሚስትህ መጥታ ትፍታልህ?» ብሎ ጮኸ፤ እናንተም «ያውልቅ! ያውልቅ!» እያላችሁ አጀባችሁት። አጎቴም ገምባሌውን ፈትተው ጣሉት። በላይነህ ወደ ራሳቸው ሰነዘረ፤ ጋሻቸውን ሲያነሡ ቅልጥማቸውን ሰበረው። ሹመቱን ወሰደ፤ ገምባሌውንም ለውሻ እሰጠዋለሁ ብሎ በጎራዴው ጫፍ አንጠልጥሎ ሄደ።

አጎቴ ከዚያ ወዲያ እያነከሱ አረሱ፤ ልጆቻቸውን ነገሳንና ጂቱን እያነከሱ አሳደጉ። እናንተ ግን «ፈሪው ፋቂ» ከማለት በቀር ስም አልሰጣችኋቸውም። በመጨረሻም ያ ቅልጥም ቆስሎ መግል ቋጠረ፤ በዚሁ ታመው ትናንት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውንና እኔን የእህታቸውን ልጅ ፀሐዬን ትተው ሄደዋል። ለሳቁባቸው ሰዎች ክፉ ያልተመኙትን ነፍስ ፈጣሪ ያለ ነቀፋ ይቀበልልን።

በሕይወት ሳሉ እንዳልናገር ከልክለውኝ የነበረው፣ ከዓመታት በኋላ አብረውት የዘመቱት የበላይነህ ነፍስ አባት የነገሩኝ ነገር ግን ይህ ነው፦ በላይነህ ዘምቶ በጥይት ወድቆ ሲገንዙት፣ በሱሪው ሥር፣ በግራ ቅልጥሙ ላይ፣ ወይዘሮ የሺመቤት በቀይ ጠፍር የሰፉትን ገምባሌ ታጥቆ አገኙት።