ወደ ጎን

ያን እሁድ የሳቅኩት ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔ ዓለም ባንክ ሰፈር ብረታ ብረት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ጎልፍ የምጫወተው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። የዚያን እሁድ ጠዋት ከአገሪቱ ምርጥ አማተሮች አንዷ ክለባችን መጥታ ስትጫወት ከጓደኞቼ ጋር ቆመን እናያለን። ኳሷ ባህር ዛፎቹ ስር ገባች። በዛፎቹ መሃል ሰንጥቃ ወደ ጉድጓዱ ትልካለች ብለን ስንጠብቅ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ጎን፣ ዛፍ ወደሌለበት ሣር መለሰቻት። "ፈራች እንዴ?" ብዬ ሳቅኩ፤ ሁሉም አጀበኝ። በሚቀጥለው ምት ኳሷን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠቻት።

ከሰዓት የክለባችን የዋንጫ ውድድር ነበር። ስንት ዓመት የተመኘሁትን ዋንጫ ልወስድ አንድ ጉድጓድ ሲቀረኝ፣ ኳሴ እነዚያው ዛፎች ስር ገባች። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጓደኞቼ ቆመው እያዩኝ እንዴት ወደ ጎን ልምታ? ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ፊት መታሁ። ኳሴ ግንድ ገጭታ ከአጥር ውጭ ወጣች፤ ዋንጫውም አብሯት ሄደ።

ልጅቷ ለካ ዳር ቆማ ታየኝ ነበር። ከልቧ አዝና፣ "ጋሼ፣ ምነው ወደ ጎን ቢያወጧት?" አለችኝ።

ምን ልበላት? "እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ነው" ልበላት?