የሀጂ ዩያ አንበሳ

ሀጂ ዩያን ጭሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። በወጣትነታቸው ሚኤሶ ቆላ ላይ አንበሳ በዱላ ገድያለሁ ይላሉ። በየጫት በርጫው ሲያወሩት አንበሳው እያደገ እያደገ በሬ አክሏል! እኔ ደግሞ የታሪክ መምህር ነኝና ያንገበግበኛል። ጓደኛዬ ስካን የተደረጉ የዚያን ዘመን ጋዜጦች በፍላሽ ሲያመጣልኝ ላፕቶፔን ይዤ ሀጂ ቤት በርጫው ላይ ከተፍ አልኩ።

"ሀጂ፣ አንበሳዎን እዚህ ካጣሁት ሁለተኛ እንዳያነሱት!"

"ካገኘኸውስ?"

"የሳምንት ጫትዎን እኔ እችላለሁ።"

ገጹን ሳገላብጥ ቆየሁና ክው አልኩ። አንበሳው አለ! ዱላው አለ! ሀጂም ከነሙሉ ስማቸው አሉ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸውና ተነስቼ እጃቸውን ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ፤ ጋዜጣ ላይ ከወጣማ ታሪክ ነው። ነገ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ" አልኩ።

ይሄኔ ውሃ ይዘው የገቡት ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ በሳቅ ፈረሱ። "ያ ጋዜጠኛ በስተመጨረሻ ጻፈው እንዴ? መኪናው ተበላሽቶበት እኛ ቤት አድሮ ነበር እኮ። እዚሁ ፍራሽ ላይ ሲቅም፣ ሀጂ ሲያወራለት፣ እሱ ሲጽፍ አመሸ።"

"አንበሳውንስ አይተውታል?"

"ወላሂ፣ እኔ ያየሁት ጋዜጠኛውን ብቻ ነው!"

ወደ ሀጂ ዞርኩ። ቅንጣት ታህል አልደነገጡም። ለጋ ለጋውን ቅጠል እየመረጡ፣ "ታሪክ ነው ያልከው አንተ ነህ" አሉኝ። "የነገው የገለምሶ ጫት ይሁንልኝ።"