ስልኩ ያጠፋት ሳል

ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከውጭ ሲመለሱ በራችን ላይ ሳይስሉ አይገቡም ነበር። እኔም ያችን ሳል ስሰማ ነበር መቀርቀሪያውን የምስበው። በቆሎ ሊሸጡ ቡሬ ሄደው በስልክ የላኩልኝ የመጨረሻ ድምፅም በዚያችው ሳል ነበር የሚጀምር። «እህ፣ እህ... ደርሻለሁ፣ አታስቢ።» ስልኬ አልበራ እያለ ሲያስቸግረኝ ፍኖተ ሰላም ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ወሰድሁና፣ «ሌላው ይቅር፤ ይህችን ድምፅ ብቻ ወደዚህ ወደ ገዛሁት አዲስ ስልክ አዙርልኝ» አልሁት። ስመለስ ደስ ብሎት ጠበቀኝ። «እማማ፣ ንፋስና ጫጫታ ነበረበት። አዲሱ ስልክ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስላለው ራሱ አጠራልዎት። ይስሙት እስቲ።»

ሰማሁት። «ደርሻለሁ፣ አታስቢ» ይላል፣ እንደ ሬዲዮ ጥርት ብሎ። «ሳሏስ?» አልሁት። «እሷንማ ጫጫታ መስላው አወጣት።» «በል መልስልኝ።» ለካ የቀድሞውን ቅጂ አጥፍቶታል፤ አሮጌው ስልክም ከዚያ ወዲያ አልበራም። በጎ አስቦ ነውና አልተቆጣሁትም። አሁን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣ በራፉ ላይ ቆሜ እንደ እሳቸው እስላለሁ። እንዳልረሳት ነው።