ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ድኝ የቀቡት የሕፃናት ሐኪም

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ወዳጆችና ጎረቤቶች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው፣ በስማቸው የሚጠራቸው እስኪጠፋ ድረስ ትንሽ ትልቁ «እትዬ ቅባት» ያላቸው የሕፃናት ሐኪም፣ በሕይወት ሳሉ የተጋነነ ውዳሴ በሰሙ ቁጥር ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ተናጋሪውን ያስቆሙ ስለ ነበር፣ ይህ ዜና ሕይወት ስሕተታቸውንም ሳይሸሽግ እንዲነበብ ቤተሰቡ ተስማምቷል።

እትዬ ቅባት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከደጅ መጋዝ፣ ከጓዳ የስፌት መኪና ሲጮህበት በሚውል ቤት ተወለዱ። በዚያ ጫጫታ መካከል የሚሰማው የጮኸ ብቻ ስለ ነበር፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ አሳባቸውም በቀላሉ የማይረታ ሆኖ አደጉ። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ መምህሮቻቸውም ይህን ሳይክዱ፣ አንዴ ያወጡትን እጅ እንደማያወርዱ ግን በምሬት ይናገሩ ነበር። የሕክምና ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በአንድ የሕፃናት ሕክምና ክፍል ሥራ ጀመሩ።

በዚያው ዘመን አንድ የፊዚክስ መምህር አገቡ። መምህሩ ዝምተኛ፣ ጨዋና አቧራ በተነሣ ቁጥር የሚያስነጥሱ ሰው ሲሆኑ፣ በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፍተው የቀሩት በደስታ ብዛት ሳይሆን በአበባው ምክንያት ነው። ከመምህሩ ጋር አማት አብረው መጡ። አማታቸው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህርትና ለተወለደ ሁሉ የሱፍ ሹራብ የሚሠሩ እናት ናቸው። ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጠው እየሰሙን ስለሆነ ቃል እየመረጥን እንቀጥላለን።

አንድዬ ልጃቸው ተወልዶ ጥቂት ወራት እንደቆየ ጉንጩ ቀልቶ ሻከረ፤ መዳህ ሲጀምር ደግሞ የክርኑ መታጠፊያና የጉልበቱ ጀርባ እስኪደማ ድረስ ይፎክት፣ እንቅልፍም አጥቶ ያነባ ጀመር። ያን ሰሞን እትዬ ቅባት በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ እከክ ሲያክሙ ከርመው ስለ ነበር፣ ሌላ ነገር ማየት የተሳነው ዓይናቸው የገዛ ልጃቸውንም «እከክ ነው!» ብሎ ፈረደበት። እከክ አንድ ሰው ከያዘ ቤተሰቡ ሁሉ መታከም አለበትና፣ ባላቸው፣ አማታቸው፣ በዚያ ሳምንት ለጥየቃ ብቅ ያለ ዘመድ፣ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ዋርሳቸው ሳይቀር ከአንገቱ እስከ እግር ጥፍሩ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት የድኝ ቅባት ተለቀለቀ። አንሶላው ተቀቀለ፤ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ወጣ፤ መምህሩም አውቶቡስ ሲሳፈሩ ግራ ቀኙ ወንበር በክብር ይለቀቅላቸው ጀመር። ተማሪዎቻቸው የጋዝ ባሕርይ የሚለው ምዕራፍ ያን ያህል ገብቷቸው እንደማያውቅ እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

ያ ሁሉ ሰው ሲቀባ አንድም የሚያሳክከው አለመኖሩ ሊያስጠረጥራቸው በተገባ ነበር፤ ዳሩ ግን የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ! ድኙ የሕፃኑን ደረቅ ቆዳ ይባስ ሲያቃጥለው እትዬ ቅባት ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፤ ኩራታቸውንም ውጠው መላ ቤተሰቡን አስከትለው የቆዳ ሐኪም ወደሆኑት የቀድሞ መምህራቸው ሄዱ። አዛውንቱ ልጁን አገላብጠው ካዩ በኋላ የጠየቁት፣ በቤቱ አስም ያለበት፣ የሚያስነጥሰው ወይም በልጅነቱ የሚያሳክከው ነበረ ወይ ብለው ነው። መምህሩ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አስነጠሱ። እማማ በበኩላቸው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም!» ብለው ተቆጡ፤ ነገር ግን ሕፃኑ እቅፋቸው ውስጥ እየፎከተ ደሙ ቀሚሳቸውን ሲነካው አንጀታቸው አልቻለም፤ በሙቀትም በብርድም የማይሰበስቡትን እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ባል አጣለሁ ብለው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሸሸጉትን የክርናቸውን የሻከረ ቆዳ አሳዩ። ሕመሙ በዘር የሚመጣ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ችፌ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ሕመሙ ታወቀ እንጂ ሰላም አልወረደም። አዛውንቱ ያዘዙት ቀላል ነበር፤ ልጁ ለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ ይታጠብ፣ ሳይፈተግ በፎጣ ጠብ ጠብ ይደረግ፣ ቆዳው እርጥብ ሳለ ቫዝሊን በደንብ ይቀባ፣ በቀላው ላይ ብቻ የታዘዘው ክሬም በስሱ ይደረግ፣ ሱፍም ገላውን አይንካው። እማማ የሱፉን ነገር ሲሰሙ ከቤት የተባረሩ ያህል ተሰማቸው። ክሬሙንም ቆዳ ያሳሳል ብለው በስውር ይጠርጉት፣ በራሳቸውም ሥልጣን እንቁላልና ወተት ይከለክሉት ስለ ነበር፣ ልጁ እየከሳ ቁስሉ እየተመላለሰ ሄደ። እትዬ ቅባት ቢጮኹ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነባቸው። ልጁ በሁለት እናቶች ፍቅር መካከል ማለቁ መሆኑን ባዩ ጊዜ ግን፣ በዕድሜያቸው አንዲት ፖለቲካ ሠሩ፤ ቅባቱንና ክሬሙን በእማማ እጅ አስረክበው «ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት፤ እኔንም ይቆጣጠሩኝ» አሏቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋልና እማማ በሹመታቸው ሳይሳሱ ተጠቀሙ፤ ከእጃቸው በቀር ልጁን የሚቀባ እጅ ጠፋ፤ እንቁላሉም ተመለሰ፤ ሹራቡም በጥጥ ክር መሠራት ጀመረ። እጁን በረጅም እጅጌ ይሸፍን የነበረው ልጅም አድጎ፣ ቀኑን ሙሉ በቁምጣ ብቻ በሕዝብ ፊት የሚውል የዋና አሰልጣኝ ሆነ።

እትዬ ቅባት ከዚያ ወዲህ የሥራ ዘመናቸውን ለሕፃናት ችፌ ሰጡ። አፍራ ለመጣች እናት ሁሉ በቅድሚያ የድኙን ታሪክ ይነግሯት ነበር፤ እናቲቱም እየሳቀች ልጇን ትገልጥላቸዋለች። «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» የሚለውን ተረት እንደ ደመኛ ስለሚያዩት፣ ጥፍር መቁረጫ ከኪሳቸው ሳይለይ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ያገኙትን ሕፃን ጥፍር ሲከረክሙ ታይተዋል።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም አደረባቸው። ሕመሙ ሰውነትን የሚያሳክክ ሆኖ፣ ስንቱን ልጅ «አትከክ» ሲሉ የኖሩት ሐኪም ራሳቸውን መግታት ተሳናቸው። እማማ በዚያ ዕድሜያቸው ማለዳ ማለዳ ወደ አልጋቸው እየመጡ በለብታ ውሃ ያጥቧቸው፣ በፎጣ ጠብ ጠብ ያደርጓቸው፣ ይቀቧቸውና «ተይ እንጂ ልጄ፣ አትፈትጊ!» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። እትዬ ቅባትም ያለ ክርክር ታዘዙ፤ ሕመማቸው እንደጸና ያወቅነው በዚህ ነው። በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ምራታቸውን፣ ቆዳቸው ደረቅ የሆነ ሁለት የልጅ ልጆችንና እማማን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ሲገነዝ እማማ «ቆዩ፣ እጇ ደርቋል» ብለው ሁለቱንም እጆቻቸውን እስከ ክርን ቀቧቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመምም ማሳከክም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእማማም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።