ሦስተኛው መስታወት

እትዬ ውድነሽ ቡታጅራ ገበያው ዳር ካለው የሸዋንግዛው ሱቅ ሲገቡ፣ ባለቤቱ ከአቡጀዲው መጋረጃ ጀርባ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ምጽዋ ብዙ ዘመን ነግዶ ሲመለስ ይዞት የመጣው ጉድ ነው፦ በመስታወት ሣጥን የታሸገ ባሕር፣ ከነዓሣው፣ ከነድንጋዩ። ድንጋዩ ሕይወት አለው፣ ውኃውን ለዓሣዎቹ የሚያጠራውም እሱ ነው ይላል። ዛሬ ከትንሹ ሣጥን ወደ መካከለኛው እያዛወረው ነው። ሸሪኩ ሰማን ለዚሁ ማስደገፊያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሊፈልግ ወጥቶ ቀርቷል፤ ይኸ ከባድ የባሕር ድንጋይ ከእጁ ካመለጠ ደግሞ መስታወቱ ብትንትን ነው።

አይ ጊዜ! ከሰው ሁሉ እሳቸው? የእጮኛው የአደይ ታላቅ እኅት! ሸዋንግዛው ትንፋሹን ዋጠ። እትዬ ውድነሽ ወደ መጋረጃው ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ ሱቁን የምትጠብቅለትን በርበሬ ነጋዴዋን ጎረቤቱን ዘይባን አገላብጠው ስመው አግዳሚው ላይ ተደላደሉ።

«እንደምን ሰነበትሽ ዘይባዬ? ልጆቹስ? ላሚቱ ወለደች? እሰይ! ዝናቡም ዘንድሮ አደብ ገዛ፣ በርበሬሽም ደረቀልሽ። እኔማ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው እንጂ ምን ጉዳይ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ሰው የለም አይደል? … አዎ፣ ሰውስ የለም።

«ሰው ማማት ኃጢአት ነው፤ ማመስገን ግን ያጸድቃል። አንድ የማውቀው ጨዋ ሰው አለ። ስሙን ተይው፣ የጨዋ ስም እንዲህ በየአግዳሚው አይነሣም። አቤት ትዕግሥቱ! አቤት እርጋታው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተሽ የለ? የዚህ ሰው እንቁላል እንኳን ሊሄድ … ከተቀመጠበት አርጅቷል አሉ።

«ዓሣ ነው የሚያረባው። አትሳቂ እንጂ! ውኃውን ከምጽዋ ድረስ በጀሪካን ያስጭናል፤ የኛ ወንዝ ጨው የለው፣ ምን ያድርግ? አየር እንዳያጥራቸው ደግሞ በብስክሌት ጎማ መንፊያ ሲነፋላቸው ይውላል። እስቲ ንገሪኝ፣ ከኛ ወንዶች ለቤተሰቡ እንዲህ ላብ በላብ የሚሆን ማን አለ? ጃንሆይ ቢያዩት ይሾሙት ነበር! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ እሱ ግን ይኸው ስንት ዘመን ጎርጉሮ ዘንዶም አላወጣ … ሚስትም አላወጣ።»

ሸዋንግዛው ዘይባ ሳቋን በነጠላዋ ስታፍን ሰማት፤ እሷ እንኳ ከዳችው።

«ደግሞ ያለ ዕቅድ አይሠራም። መጀመሪያ ትንሹ መስታወት፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ከዚያ ግድግዳ የሚያህለው ሦስተኛው። በአንድ ጊዜ ሰፊ ውኃ ውስጥ ቢለቃቸው ይደነግጡበታል፤ ርኅሩኅ ነው! ለወግ ያህል ያጫት አንዲት ልጅ አለችው፤ ሽማግሌዎቹ ‹ሠርጉስ?› ቢሉት ‹እንሰት እንኳ ከመደብ ወደ መደብ እየተዛወረ፣ ቦታ እየሰፋለት ነው የሚያድገው። ሦስተኛው መስታወት ይግባና ለመስቀል እንደግሳለን› አላቸው። የትኛው መስቀል እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀው፣ እሱም አልተናገረ። እኔም እኮ የእንሰት ልጅ ነኝ ዘይባዬ። ላዛውረው ላዛውረው ስል ሳልፍቀው የቆየ አንድ እግር እንሰት ነበረኝ … አበባ አወጣ። አበባ ያወጣ እንሰት ምን ይሆናል? ቆጮ ይወጣዋል? ታውቂዋለሽ፣ ቆሞ ይሞታል።»

ሸዋንግዛው ድንጋዩን ይበልጥ ጨብጦ ያዘ። አደይን እኮ ይወዳታል! ትልቁን መስታወት በሠርጓ ቀን ሊያሳያት፣ ያንን ሁሉ ቀለም አይታ አፏን ስትይዝ ሊያይ ነበር የልቡ ምኞት። ይኸንን ግን ለሷም ለማንም ነግሮ አያውቅም።

«አምና ደግሞ መከራ ደረሰበት። እናቱ ለመስቀል ቤቱን ሲያስለቀልቁ፣ እንስራውን ሲወለውሉ፣ ያንን የውኃ ውስጥ ድንጋይ አዩት። አረንጓዴ ነገር ለብሷላ! የኛ ሴት ለመስቀል እድፍ ቤቷ ታሳድራለች? አውጥተው በአመድ ፈትገው፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው መለሱለት። እንደ ወተት ነጣ። በማግስቱ ዓሣዎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ … ነፍስ ይማር። ‹ሐዘን ላይ ነኝ› ብሎ ላከና ሠርጉ ቀረ። ይገባዋል! የአክስቱ ቀብር ላይ አልወጣ ያለው እንባ ያን ቀን ወርዷል አሉ። ተዝካራቸውንም ሳያወጣ አልቀረም።

«ልጅቷስ አልተቀየመችም፤ ጠበቀችው። ዛሬ ጧት ግን ከወልቂጤ ሽማግሌ መጣ። ሽማግሌ የላከው ሰው ልብስ ሰፊ ነው፤ ምስኪን፣ ዕቅድ የሚባል ነገር አያውቅ። ‹ቤቴ ጠባብ ናት፣ ለሁለታችን ግን ትበቃለች› ብሎ ላከ። ይኸም ወግ ሆነና … አባቷ ‹ምን ትያለሽ?› ቢሏት ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹መጀመሪያ እሱን ስሙልኝ። ዛሬ በአፉ ቀን ከቆረጠ እጠብቃለሁ› አለች። ሞኝ! የወልቂጤ ሽማግሌዎች ይኸን ጊዜ አባቷ በረንዳ ላይ መልስ ይጠብቃሉ። እኔ … እኔማ እግሬን ላሳርፍ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ውድነሽ ይህን ጊዜ ቀጥ ብለው መጋረጃውን ያዩ ጀመር።

ሸዋንግዛው አፉን ከፈተ። «ለዘንድሮ መስቀል» ሊል ነው፤ በቃ፣ ሊለው ነው! ግን ትልቁ መስታወት ከአሥመራ የሚደርሰው ከመስቀል በኋላ ነው … ድንጋዩም አዲሱን ውኃ እስኪለምድ … ለጥምቀት ቢባልስ? እንዲህ ሲያወጣ ሲያወርድ ድንጋዩ ከመዳፉ ሸርተት አለ።

«ሰማን!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ ድንጋዩ! ድንጋዩ ሊወድቅ ነው!»

ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ ውድነሽ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ተሰማ። ድምፃቸው ማር ሆነ።

«በይ ልሂድ ዘይባዬ፣ በረንዳው ላይ ሰው ይጠብቀኛል። ያንን ጨዋ ሰው ስታገኚው ምርቃቴን አድርሺልኝ። ሦስተኛውን መስታወት ያሳየው፣ ግድግዳውን ሙሉ ያድርግለት። ዕድሜ ይስጠው፤ ሲያረጅም ልጆቹ ዙሪያውን ይክበቡት … ክንፋቸው ያማረ፣ ‹አባባ› ብለው ከሥራው የማያስፈቱት። አሜን በይ እንጂ!»