ለካፒቴን ኤልቃና፣ ከሚቀናበት ባልንጀራው

የተከበራችሁ የሰበታ እድርተኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ድረስ የመጣችሁ ወገኖች። አባባ ዳና፣ ልጅዎን ለመቅበር የቆሙ አባት። ተስፋነሽ እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በኦሮምኛም፣ ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ።

ሞቱማ እባላለሁ። እኔና ኤልቃና የአብራሪነት ክንፋችንን ደረታችን ላይ ያደረግነው በአንድ ቀን ነው። ፓስተሩ ስለ ደግነቱ ተናግረዋል። የሕይወት ታሪኩም ተነቧል። እኔ የምናገረው ሌላ ነው። እኔ በዚህ ሰው ስቀና ነው የኖርኩት። ዛሬም እየቀናሁበት ነው የቆምኩት። አትደንግጡ። እሱ ያውቀው ነበር።

ምን ነበረውና ነው የሚቀናበት ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ምን ነበረው? ሁለታችንም ሃምሳ ሰው በምትይዝ ትንሽ ጄት፣ በአገር ውስጥ በረራ ነው የጀመርነው። ትልቁ የአየር መንገድ ድርጅት ጠራን። እኔ ሄድኩ፣ እሱ ቀረ። የኔ ደሞዝ ወጣ፣ የሱ እዚያው ቆመ። አብራሪ ሲባል ሰው ሁሉ ሀብታም ይመስለዋል። የካፒቴኑ ሚስት ተስፋነሽ ዶሮ አርብታ ነው ልጆቿን ያስተማረችው። ኤልቃናም ከበረራ ሲመለስ ክራቫቱን ሳይፈታ እንቁላል ለየሱቁ ያደርስ ነበር። ቡራዩ ያለው ቤቴ ፎቅ ነው። የሱን ቤት ታውቁታላችሁ። ታዲያ እሱ ቤት ቆይቼ ስወጣ ለምንድን ነው ሆድ የሚብሰኝ? እዚያ ቤት ሲሳቅ ስለሚመሽ ነው። የኔ ቤት ሰዎች የሚጠብቁት ሻንጣዬን ነው።

አቶ ሀሰኖ፣ እዚያ ጥግ ቆመው አይቼዎታለሁ። ነጋዴው አቶ ሀሰኖ አንድ ቀን የኤልቃና ተሳፋሪ ነበሩ። በረራው ከደቡብ ነው፣ ቀትር ላይ። ሙቀት ሲበረታ አየሩ ይሳሳል፤ ትንሿ ጄት ከነሙሉ ጭነቷ መነሳት ያቅታታል። ስለዚህ ዕቃ ይቀነሳል። ሌላ ካፒቴን ቢሆን በሠራተኛ አስነግሮ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ኤልቃና ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሰዉን ለመነ። አቶ ሀሰኖ የኮረሪማ ጆንያዬን አልተውም አሉ። አልተቆጣቸውም። መጀመሪያ የራሱን ሻንጣ አወረደ። ከዚያ እሳቸውም ጆንያቸውን አወረዱ። በማግስቱ የእረፍት ቀኑ ነበር፤ በሌላ በረራ የመጣውን ጆንያ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ በገዛ መኪናው ሱቃቸው ድረስ አመጣላቸው። ከዚያ ወዲህ አቶ ሀሰኖ ቲኬት ሲቆርጡ የሚያበርረው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይከፍሉም።

እኔ ስንት ውቅያኖስ አቋርጬ ስንት ሺህ ሰው አድርሻለሁ። ማን ነው ያበረረን ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ቀናሁ። ልቀና አይገባም?

ትንሿ ጄት ግን አላዋጣ አለች። ሃምሳ ሰው ለማድረስ ሁለት አብራሪ ነው፤ የሃምሳውን ሦስት እጥፍ ለማድረስም ሁለት አብራሪ ነው። ነዳጅ ተወደደ፣ መለዋወጫ ጠፋ። ወጣቶቹ የበረራ ሰዓታቸውን ሞሉና ደሞዝ ወዳለበት ሄዱ፣ እንደ እኔ። አንዷ ቆመች። ሌላዋም ቆመች። በመጨረሻ አንዲት ቀረች፣ ኤልቃና የሚያበርራት።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልምጣ። ልጄ ቲቶ ይኸው እዚህ ቆሟል። ሳጥኑን ከፊት ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። የበረራ ትምህርቱን ሲጨርስ ወደኛ ድርጅት አመልክት አልኩት። እምቢ አለ። ጋሼ ኤልቃና ጋ ነው የምማረው አለኝ። በረዳት አብራሪ ደሞዝ ሱሉልታ አንዲት ክፍል ተከራየ። ዩኒፎርሙን በጃኬት ሸፍኖ ሚኒባስ ይጋፋል። እቤት ሲመጣ ወሬው ሁሉ ጋሼ ኤልቃና እንዲህ አለ፣ ጋሼ ኤልቃና እንዲህ አደረገ ነው። ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ዓይናችሁ እያየ የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እህል አልወርድ ብሎኝ ያውቃል።

አንድ ቀን ኤልቃና፣ ና ልጅህን እየው ብሎ ጋበዘኝ። ከኋላቸው ባለችው ትርፍ ወንበር ተቀመጥኩ። የሚያሳርፈው ቲቶ ነው። ትልቁ አውሮፕላን ጎማው መሬት ሲነካ አብራሪው ገና ፎቅ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው። የትንሿ ወንበር ለመሬት ቅርብ ነው። የኔ ዓይን የለመደው ያንን ከፍታ ነው። አስፋልቱ ሲመጣብኝ ጊዜው የደረሰ መሰለኝና መሪውን አሁን ሳበው ብዬ ጮህኩ። የልጄ እጅ ተንቀሳቀሰ። ቢስበው ኖሮ አየር ላይ ተንሳፍፈን በኃይል ነበር የምንፈጠፈጠው። ኤልቃና ዘወር እንኳ አላለም።

«ቲቶ፣ አባትህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው። አንተ ምድር ቤት ነህ። ጠብቅ» አለው።

ልጄ ጠበቀ። ጎማው መሬት ሲነካ አልሰማሁትም። ልጄ ለማን እንደታዘዘ ግን አየሁ። ደግሞም ልክ ነበር። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ቢሳሳት ይሻለኝ ነበር? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ኤልቃና ታመመ። ሐኪሞቹ ከመብረር አገዱት። የመጨረሻዋም ጄት ለሽያጭ ወጣች፤ ቲቶ ሥራ ፈታ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እናቱን አስለመንኩ። መልሱ አንድ ነው፤ ጋሼ ኤልቃና ይሻለዋል፣ እጠብቀዋለሁ። ባለፈው ወር ልጠይቀው ብገባ ቲቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሾርባ ያጠጣዋል። ለኔ አንድ ቀን ውኃ ቀድቶልኝ አያውቅም። ኤልቃና እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወደ ልጄ ዞረ።

«እኔ የወደድኩት ነገር አንተን አያስርብህ። አባትህ ጋ ሂድ» አለው።

ቲቶ እሺ አለ። ዓመታት የለመንኩትን፣ በአንድ ቃል። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ያ እሺ ግን ለኔ የተባለ አልነበረም።

ኤልቃና፣ ወንድሜ። ልጄ በቅርቡ ወደኛ ይመጣል። አንድ ቀን በቀኜ ይቀመጥ ይሆናል። እኔ እናገራለሁ፤ እሱ የሚሰማው ያንተን ድምፅ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ዛሬ እንባውን አይቻለሁ። እኔ ስሞት ግማሹን ያህል ቢያለቅስልኝ ይበቃኛል። መልሰህልኛልና ተባረክ። ከኔ አብልጦ ስለወደደህ ግን ገና አልተውኩህም፤ ጌታ ፊት ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። እስከዚያው ደህና ሁን። በሰላም እረፍ።

አባባ ዳና፣ እርስዎ ከፈቀዱ፣ ቲቶ ከኤልቃና ልጆች ጋር ቆሞ አፈር ይመልስ። እሱም ልጁ ነው።