ጋሽ ክንፉ የፈለጉት ቃል

ቅዳሜ ጠዋት ሌክ ሜሪትን በእግሬ መዞር ልማዴ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ ስለማስተምር፣ ሐይቁን ዞሬ ሳልጨርስ ትርጉም የሚጠይቀኝ አላጣም። ያን ቀን ያስቆሙኝ ጋሽ ክንፉ ነበሩ። ከአጠገባቸው የወንድማቸው የልጅ ልጅ፣ በርክሌ ነርስነት የምትማረው ብሩክታዊት፣ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች።

"መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣህ" አሉኝ። "ርኅራኄ የሌለው ሰው በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ይቺ ልጅ በአማርኛ ብነግራት አልገባት አለ።"

"ገብቶኛል፣ አባባ" አለች። "ጀስት አልተስማማሁም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የብሩክታዊት እናት መንበረ ሳን ሆዜ ትኖራለች። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ አክሊሉ በጠና ታሞ፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ጋሽ ክንፉ ግን ዘመዱን ሁሉ አፍ አስይዘው፣ ለመንበረ "ስልኩ ተበላሽቶበት ነው" አስብለዋታል። ያረፈ ዕለት እንደ ወጉ በማለዳ ሽማግሌ ሰብስበው ሊያረዷት አስበዋል። ብሩክታዊት ደግሞ ዛሬውኑ እነግራታለሁ ብላ ተነሥታለች።

እኔም ሙያዬ ነውና ቃላቱን አቀረብኩላቸው።

"'ኮልድ' ይባላል፤ የሰው ነገር ስሜት የማይሰጠው፣ ፊቱም የማይፈታ።"

"እሷ እኮ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ሌላ አምጣ።"

"'ካለስ' አለ። ሥራ ያጠነከረው መዳፍ እሾህ እንደማይሰማው ሁሉ፣ የሰው ሕመም የማይሰማው ነው። 'ክሩኤል' ደግሞ እያወቀ የሚያሠቃይ።"

ጋሽ ክንፉ ልጅቱን አየት አደረጓት። "ክፉስ አይደለችም" አሉ ቀስ ብለው።

ቁጣ ቃል ሲመርጥ ጫማ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ አንዱ ይጠበዋል፣ አንዱ ይሰፋዋል። በልቤ ሳቅሁና የመጨረሻውን ጨመርኩ። "'ኢንዲፈረንት' ይቀረናል። ግድ የሌለው ሰው ነው፤ ወገኑ ታሞ እንኳ እንዴት ዋልክ የማይል።"

ብሩክታዊት ቀና አለች። "አባባ፣ ትናንት አጎቴን ኮል አድርጌው ነበር። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'እናትሽ ለምን ጠፋችብኝ? ምን አደረግኋት?' ነው ያለኝ። እማዬ ኢንዲፈረንት መስላዋለች። እሷ ምንም አታውቅም፤ እሱ ግን እንደዚያ አስቦ ሊሞት ነው።"

 አክሊሉም መንበረም የጋሽ ክንፉ የሟች ወንድም ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም በእጃቸው ነው ያሳደጉት።

"የእናትሽ ልብ ደካማ ነው" አሉ። "ሥራ ቦታ ሆና ሰምታ ብትወድቅስ? ወጉን ያወጡት አባቶች ለሰው አዝነው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?"

"አጎቴ የሚያድርበት ቀን የለውማ። ደግሞ ወጉን ይጣሉት መቼ አልኩ? ብቻዋን ሆና በቴክስት ትስማ አላልኩም። እርስዎ ከአጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ዘመድ ይከባታል፣ እህል ትቀምሳለች። ወጉ ማለት ይሄ አይደል? መደበቁን ብቻ ይተዉልኝ።"

በዚህች ልጅ ኮራሁ። አማርኛዋ እዚህም እዚያም ይሰናከላል እየተባለች የምትታማ ልጅ፣ የአባቶችን ወግ ፍሬውን ከገለባው ለይታ አቀረበችልን። ከእሷ ይልቅ የደነቁኝ ግን ጋሽ ክንፉ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ሐሳብን መለወጥ ቀላል አይደለም። ከዘራቸውን አንሥተው፣ "መኪናህ የት ነው፣ መምህር?" አሉኝ።

ሳን ሆዜ ስንደርስ በሩን የከፈተችው መንበረ ራሷ ነበረች። ሽማግሌ በጠዋት ሳይጠራ መጥቶ ደጃፍ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። የልጇን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

"ማነው የሞተው?" አለች።

"ማንም አልሞተም፣ ልጄ" አሉ ጋሽ ክንፉ። "ሳይሞት ነው የመጣነው።"

አስቀምጠው፣ እጇን ይዘው ሁሉንም ነገሯት። አለቀሰች፤ አልወደቀችም። ብሩክታዊት ቪዲዮ ስትደውል የአክሊሉ ከሲታ ፊት ብቅ አለ። መንበረ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጋሽ ክንፉ ስልኩን ተቀበሉ። "ልጄ፣ እሷ አታውቅም ነበር። የደበቅኋት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ" አሉት። አክሊሉ ፈገግ አለ። "እኔስ ተቀይማኛለች ብዬ ነበር" አለ።

ከዚያ ወዲያ እስኪያርፍ ድረስ ወንድምና እኅት በየቀኑ ተያዩ። ስለ ልጅነታቸው ሳቁ፣ ስለሚቀሩት ልጆቹ ተማከሩ፣ ይቅር ተባባሉ። መርዶው ሲመጣ መንበረ በልቅሶዋ መካከል "ለምን ደበቃችሁኝ?" ብላ የምትወቅሰው ሰው አልነበረም። "ተሰናብቼዋለሁ" ነበር የምትለው። ሐዘን እንዲህ ሲሆን ይከብዳል እንጂ አይመርዝም። አንባቢዬ ሆይ፣ ከመርዶው በፊት የሚሰናበቱት ዘመድ አለና አትደብቁ።

ከወር በኋላ ጋሽ ክንፉን ሐይቁ ዳር አገኘኋቸው። "መምህር፣ እነዚያን ቃላት ተዋቸው" አሉኝ። "የሚራራ ሰውስ ምን ይባላል?"

"'ኮምፓሽኔት'።"

ቃሉን እስኪለምዱት ድረስ ለብቻቸው አጉተመተሙ። ከዚያ ስልካቸውን አወጡና ደወሉላት። "ብሩክታዊት፣ አንቺ ኮምፓሽኔት ነሽ" አሏት።

መልሷ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ፤ በጠራ አማርኛ ነበር። "እርስዎም ሩኅሩኅ ነዎት፣ አባባ።"